የቻይናን ባህላዊ የገጠር መንደር መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንግድ ጓንዡ ሄደው ጥቂት ቀን የተረፋቸውም፣ ለጉብኝት ብለው የሚነሱም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ከታች ያሉት ዓመቶችና ወራት በሙሉ (መስከረም ሲባል ሴፕቴምበር ማለት ነው) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኛውን መንደር ልምረጥ?

የቻይና መንግሥት ከ2012 ጀምሮ «ባህላዊ መንደር» ብሎ የሚመዘግባቸው አሉ። በ2023 ቁጥራቸው 8,155 ደርሷል። ዓይነታቸው እንደ አገሩ ስፋት ነው። በአንሁይ ክፍለ ሀገር ያሉት ሆንግፁን እና ሺዲ ነጭ ግድግዳና ጥቁር ጣሪያ ያላቸው የድሮ ባለጸጋ ነጋዴዎች መንደሮች ናቸው። ዩኔስኮ በ2000 መዝግቧቸዋል። በፉጂያን ደግሞ ሃካ የሚባሉት ሰዎች ከተጠቀጠቀ አፈር የሠሯቸው ግዙፍ ክብ ቤቶች አሉ፤ ቱሎው ይባላሉ። በጓንግሺ ክልል ሎንግጂ ላይ ተራራው ከእግሩ እስከ አናቱ የሩዝ እርከን ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መጀመሪያ የምመክረው የጉይዡ ክፍለ ሀገርን ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ የዶንግና የሚያው ሕዝቦች አገር። እዚያ ያለው የዣውሺንግ መንደር በአምስት የጎሳ ክፍሎች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የከበሮ ማማ አለው። ማማዎቹ ስማቸው ቸርነት፣ ቅንነት፣ ሥርዓት፣ ጥበብና ታማኝነት ነው። ያለ ሚስማር፣ እንጨት ከእንጨት ተሰካክቶ የተሠሩ ናቸው። የጣሪያቸው ድርብርብ ከ7 እስከ 13 ይደርሳል። ከሥራቸው ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፣ በብርድ ጊዜ እሳት ይሞቃሉ።

ምርጫችሁ የትኛውም ይሁን፣ አንድ መንደር ያዙና ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። በቀን ሦስት መንደር የሚያዞር አስጎብኚ ጣሪያ ያሳያችኋል እንጂ ሰው አያሳያችሁም። የቱሪስት አውቶቡሶች አመሻሽ ላይ ይሄዳሉ። መንደሩ መንደር የሚሆነው ከዚያ በኋላና በማለዳ ነው።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

በተራ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ከሆነ አዎ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የቱሪስት ቪዛ ማውጣት አለባችሁ። ዱባይ ወይም ሪያድ መኖራችሁ ይህን አይቀይረውም። የሚታየው ፓስፖርቱ እንጂ የመኖሪያ ፈቃዱ አይደለም።

የአሜሪካ ወይም የብዙዎቹ የአውሮፓ አገራት ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ቻይናን ለመሸጋገሪያ የሚጠቀም ተጓዥ ለ240 ሰዓት፣ ማለትም ለ10 ቀን፣ ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል። ግን የምትሄዱት ወደ ሦስተኛ አገር መሆን አለበት። ከአሜሪካ ወጥቶ በቻይና በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ያሟላል። ከአሜሪካ ሄዶ ወደ አሜሪካ የሚመለስ አያሟላም። የሚገባባቸው ኤርፖርቶችና የሚፈቀዱት ክፍለ ሀገራት ተለይተው የተቀመጡ ስለሆነ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩት። ጉይዡ ውስጡ አለች።

ከጓንዡ እንዴት እሄዳለሁ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጓንዡ ድረስ ቀጥታ ይበራል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ጓንዡንና የጉይዡን ዋና ከተማ ጉይያንግን የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር በታኅሣሥ 2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ድሮ በመኪና ሙሉ ቀን የሚፈጀው መንገድ የጥቂት ሰዓት ሆኗል። ለዣውሺንግ የምትወርዱት ፆንግጂያንግ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በስሙ ከሚጠራው ከተማ ይልቅ ለመንደሩ ይቀርባል። ከጣቢያው በር ላይ ሚኒባስ ወይም ታክሲ አይጠፋም። ለሎንግጂ ደግሞ በባቡር እስከ ጉይሊን፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት አካባቢ በመኪና ነው።

የባቡር ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ነው። ፓስፖርታችሁ ራሱ ትኬታችሁ ስለሚሆን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ወደ ቱሎው ለምትሄዱ፦ የምትፈልጉት ፉጂያን ውስጥ ያለውን ናንጂንግ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ናንጂንግ የሚባል ታላቅ ከተማ አለ። በቻይንኛ አጻጻፋቸው ይለያያል፤ በላቲን ፊደል ግን አንድ ናቸው።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

እርከን ለማየት ሁለት ጥሩ ወቅት አለ። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ማሳዎቹ ውሃ ይሞላሉ፣ ችግኝ ይተከላል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ ሩዙ ይደርሳል፣ ተራራው ወርቃማ ይሆናል። ከኦክቶበር 1 እስከ 7 ያለውን ብሔራዊ በዓልና የሜይ 1 ሰሞንን ግን ሽሹ። መንገዱም ማረፊያውም ይጨናነቃል፣ ዋጋም ይሰቀላል።

የቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን ትኬት ማግኘት ፈተና ነው። ብታገኙ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ጊዜ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ወጣት ሁሉ አገሩ ይገባል፤ ባዶ የነበረው ቤት ይሞላል። ብርዱን አትናቁት። የእንጨት ቤት ነው፣ ብዙ ጊዜ ማሞቂያ የለውም፤ እርጥበቱ አጥንት ውስጥ ይገባል።

መንደር ለመግባት ለምን እከፍላለሁ?

ታዋቂዎቹ መንደሮች መግቢያ በር አላቸው። ክፍያው በአብዛኛው 100 ዩዋን አካባቢ ነው። ገንዘቡ ለመንገድ፣ ለጽዳት፣ ለእድሳትና ለሚያስተዳድረው ድርጅት ይውላል። ነዋሪው ምን ያህል ይደርሰዋል የሚለው እንደየመንደሩ ይለያያል። ለዚህ ነው ምግባችሁንም መኝታችሁንም እዚያው ከመንደሩ ሰው ቤት ብታደርጉ የምመክረው። ማረፊያ ቀድማችሁ ከያዛችሁ፣ ትኬቱ ለስንት ቀን እንደሚሠራና ወጥቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ።

ሰው ቤት ማደር ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፣ ግን መመዝገብ ግዴታ ነው። ሆቴልና ፔንሲዮን ፓስፖርታችሁን ተቀብለው ራሳቸው ለፖሊስ ያስመዘግባሉ። ግለሰብ ቤት ካደራችሁ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ እናንተ ወይም አሳዳሪያችሁ አካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ሕጉ ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ፖሊሶቹ በአብዛኛው ትሁት ናቸው፤ ወረቀቱ ጊዜ አይወስድም።

ትንንሽ ማረፊያዎች «የውጭ ዜጋ አንቀበልም» የሚሉበት ጊዜ ነበር። በ2024 መንግሥት ይህን ሰበብ ማቅረብ እንደማይቻል ግልጽ አድርጓል። ያም ሆኖ ሩቅ መንደር ያለ ባለቤት የውጭ ፓስፖርት መዝግቦ ላያውቅ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት አስደውሉና አረጋግጡ። ሌሊት ደርሶ በር ላይ መከራከር ለማንም አይበጅም።

ብር እንዴት ይዤ ልሂድ?

መንደር ውስጥ ስኳር ድንች የምትሸጥ አሮጊት እንኳ የምትከፈለው በስልክ ነው። ኪውአር ኮዱ ዘንቢሏ ላይ ተለጥፏል። አሊፔይና ዊቻት የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች የውጭ ቪዛ እና ማስተርካርድ ይቀበላሉ። ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ኮሚሽን የለውም፤ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይጠይቃል። ካርዳችሁን ቤታችሁ እያላችሁ አገናኙና ሞክሩት። የአገር ውስጥ ብቻ የሆነ የኤቲኤም ካርድ አይሠራም።

ጥሬ ገንዘብ የምትይዙ ከሆነ ዶላሩን ከተማ ላይ ባንክ መንዝሩ። መንደር ውስጥ ዶላር የሚቀበል የለም። የ10 እና የ20 ዩዋን ዝርዝር በብዛት ያዙ። ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት በሕግ የተከለከለ ነው፤ መልስ ማጣት ግን የተለመደ ነው።

ቴሌግራም ይሠራል? ቋንቋውስ?

በቻይና ሲም ካርድ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ጉግል አይከፍቱም። የውጭ ሲም በሮሚንግ የሚጠቀም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከፍትለታል። ለቤተሰብ «ደረስኩ» የምትሉበትን መንገድ አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ዊቻትም ከቤት ሳትወጡ ይመዝገብ፤ አንዳንዴ ነባር ተጠቃሚ እንዲመሰክርላችሁ ይጠይቃል። ለካርታ የአገሬው ጋውዴ ይሻላል።

መተርጎሚያ መተግበሪያ አውርዱ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ። ግን ዶንግ ወይም ሚያው መንደር ያሉ አዛውንት ማንዳሪን የሚባለውን መደበኛ ቻይንኛ ላይሰሙ ይችላሉ። ያኔ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ፈልጉ። ልጁ ስልካችሁን ያነብባል፣ ለአያቱ በቋንቋቸው ያስረዳል። ሰላምታውንስ በአፋችሁ በሉት። አሮጊቷን «ናይናይ»፣ ሽማግሌውን «ዬዬ»፣ እናት የምታክለውን «አዪ» ካላችሁ ፊታቸው ይፈታል።

የአሳማ ሥጋ አልበላም። ጾምም ላይ ነኝ። ምን ልበላ ነው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። በደቡብ ቻይና ገጠር «ሥጋ» ማለት ሌላ ስም ካልተጨመረበት አሳማ ነው። ችግሩ ሥጋው ብቻ አይደለም። ጎመኑም የሚጠበሰው ብዙ ጊዜ በአሳማ ሞራ ነው። «ሥጋ አታድርጉ» ብትሉ፣ ለማጣፈጫ ትንሽ የተፈጨ ጣል ሊያደርጉበት ይችላሉ፤ ለእነሱ ያ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያዙ። «ዎ ቡ ቺ ዡሮው» ማለት የአሳማ ሥጋ አልበላም ነው። «ቡ ያው ዡዮው» ማለት የአሳማ ሞራ አታድርጉ። በቻይንኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ከሁሉ የሚሻለው ማእድ ቤት ገብቶ የዘይቱን ጠርሙስ ማሳየት ነው። ማንም አይቆጣም፤ እንዲያውም ስቀው አብረዋችሁ ያበስላሉ።

ለጾመኛ የሚሆነው ብዙ ነው። ቶፉ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን፣ ድንች፣ ዱባ፣ ኦቾሎኒ፣ እንጉዳይ፣ የቀርቀሃ ቡቃያ አለ። ወተትና ቅቤ የገጠሩ ወጥ ውስጥ የለም፤ እንቁላል ግን ሳይታሰብ ይገባልና ተናገሩ። ጉይዡ በርበሬ ወዳድ አገር ስለሆነ ምላሳችሁ አይከፋውም። ሩዝ በቀርቀሃ ውስጥ የሚበስለው ያምራል፤ ግን ብዙ ጊዜ ያጨሱት የአሳማ ሥጋ ስላለው ሳትጠይቁ አትዘዙ።

ሥጋው በማን ታረደ የሚለው ለሚያስጨንቃችሁ፣ ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ መንደር ውስጥ ዓሣ ያዋጣችኋል። ፆንግጂያንግ አካባቢ ዶንጎች ሩዝ ማሳው ውስጥ ዓሣና ዳክዬ አብረው ያረባሉ። ዳክዬው አረምና ተባይ ይለቅማል፣ ዓሣው ጭቃውን ያገላብጣል፣ ኩሳቸው ማሳውን ያዳብራል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ይህን አሠራር በ2011 የዓለም የግብርና ቅርስ ብሎታል። በመከር ጊዜ ዓሣው ከማሳው ወጥቶ እዚያው ዳር ይጠበሳል። ሙስሊም ተጓዦች ከተማ ላይ «ቺንግዠን» የሚል ምልክት ያለው የሁዪ ሙስሊሞች ኑድል ቤት አያጡም፤ መንደር ውስጥ ግን አትጠብቁ። ሌላ ደግሞ ኒውቢየ የሚባል የበሬ ሾርባ አለ። ከበሬው ጨጓራ ፈሳሽና ከሐሞት ይሠራል። ሥጋ ከሐሞት ጋር ለለመደ ሰው ብዙ አይደንቅም፤ ለሌላው ግን ቀድሞ መነገር ያለበት ነው።

ጥቁር በመሆኔ ያፈጥጡብኛል?

አዎ፣ ያያችኋል፤ በተለይ አውቶቡስ የማይገባበት መንደር። ልጅ ሮጦ ሌላ ልጅ ይጠራል። አሮጊት ፀጉራችሁን ልትነካ እጇን ትዘረጋለች። ሰው ሳያስፈቅድ ፎቶ ያነሳል። አብዛኛው ከማወቅ ጉጉት ነው። ግን ያደክማል፤ «ምንም አይደል» ብዬ አላቃልለውም። ማስቆም ስትፈልጉ መዳፋችሁን አሳዩና «ቡ ያው» በሉ። ማንም አይከተላችሁም።

እኔ ያየሁት የሚሠራ ነገር ቀድሞ «ኒሃው» ብሎ መቀመጥ ነው። የሚታይ ነገር ከመሆን ወጥታችሁ እንግዳ ትሆናላችሁ። «ፌይዡ?» ይሏችኋል፣ ከአፍሪካ ነህ ወይ ነው። «አይሳይኧቢያ» በሏቸው፣ ኢትዮጵያ ማለት ነው። የሩጫ ውድድር የሚያይ ካለ ወሬው ከዚያ ይጀምራል። አልፎ አልፎ የሚያስከፋ ቃል ትሰሙ ይሆናል። መልስ የመስጠትም፣ ተነስቶ የመሄድም ሙሉ መብት አላችሁ። እንግድነት ንቀትን ችሎ መቀመጥ ማለት አይደለም።

ቤት መግባትና ፎቶ ማንሳት እንዴት ነው?

በሩ ክፍት ስለሆነ ግቡ ማለት አይደለም። ደጁ ላይ ቆማችሁ ድምፅ አሰሙ። ደፉን አትርገጡ፣ ተሻገሩት። የአያት ቅድመ አያት መሠዊያ ያለበትን ግድግዳ በጣት አትጠቁሙ፣ ፎቶም ጠይቃችሁ እንጂ አታንሱ። ቀብር ካጋጠማችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ስጦታ ከያዛችሁ ከከተማ የተገዛ ፍራፍሬ ይበቃል። በሁለት እጅ ስጡ፣ እኛ እንደምናደርገው። የግድግዳ ሰዓት ግን አትስጡ፤ ከሞት ጋር ይያያዛል።

ሥራ ላይ ያለ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ትንሽ ተመልከቱት። ዣውሺንግ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የእንጨት መዶሻ ድምፅ ይሰማል። ሴቶቹ በሰማያዊ ቅጠል ደጋግመው የነከሩትን ጨርቅ ድንጋይ ላይ ዘርግተው ይቀጠቅጣሉ። እንቁላል ነጩን ይቀቡትና እንደገና ይቀጠቅጡታል። ጨርቁ ቀስ በቀስ እንደ ብረት ያብለጨልጫል። የአንድ ልብስ ጨርቅ ሳምንታት ይፈጃል። ዋጋ ስትጠየቁ ይህን አስታውሱ፤ ርካሹ የፋብሪካ ነው።

ለምንድን ነው ሲጋራ ላይ እንዲህ የሚያመርሩት?

መንደሩ በሙሉ እንጨት ነው። ቤቱ ከቤቱ ጋር ተጣብቋል። ጉይዡ ውስጥ የባውጂንግ የዶንግ መንደር በጥር 2014 ተቃጥሎ ከመቶ በላይ ቤት ወደመ። ዩናን ውስጥ ያለው የዋ ሕዝብ መንደር ወንግዲንግ በየካቲት 2021 በእሳት አለቀ። ለዚህ ነው በመንደሮቹ መሐል ኩሬ የምታዩት፣ የእህል ጎተራውም ብዙ ቦታ ከቤቶቹ ተለይቶ ውሃ ላይ የሚቆመው። በአንዳንድ የዶንግ መንደሮች ማታ ማታ አንድ ሰው እየዞረ «እሳታችሁን ጠብቁ» ብሎ ይጮኻል። ሲጋራ የሚፈቀድበትን ቦታ ጠይቁ። ክፍላችሁ ውስጥ የውሃ ማሞቂያውን ሰክታችሁ አትውጡ።

መጠጥ አልጠጣም። ሲያስገድዱኝስ?

ሚያው መንደር መግቢያ ላይ ሴቶች በቀንድ የሩዝ መጠጥ ይዘው ይቀበሏችኋል። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉና በከንፈራችሁ ብቻ ቅመሱ። ቀንዱን በእጅ የነካ ሰው ጨርሶ እንዲጠጣው ይጠበቅበታል። መጠጡ ጣፋጭ ነው፣ ቀላል ይመስላል፤ ሲነሱ ግን ጉልበት ይይዛል።

ጨርሶ ለማትጠጡ ዋናው ነገር ከመጀመሪያው መናገር ነው። አንድ ጠጥቶ ሁለተኛውን እምቢ ማለት ያስከፋል፤ ከመነሻው በሻይ መቀጠል አያስከፋም። ሐኪም ከልክሎኛል የሚለው የትም ይሠራል። ጽዋ ስታነሱ ከታላቅ ሰው ጽዋ ዝቅ አድርጋችሁ አጋጩ፤ ሻይም ቢሆን። «ጋንቤይ» ማለት ጨልጠው ነው። «ሱይዪ» ካላችሁ ግን ሁሉም እንደ አቅሙ ይሆናል።

ሁሉም ነገር ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርዒት አይደለም?

ከፊሉ ነው። ሺጂያንግ የሚባለው ትልቁ የሚያው መንደር ማታ በመብራት ያሸበርቃል፣ በኪራይ የባህል ልብስ ፎቶ የሚነሱት ከከተማ የመጡ ቻይናውያን ናቸው። የዣውሺንግ ዋና መንገድም በሱቅ ተሞልቷል። ግን ያን መንገድ ትታችሁ ወደ ኋላ ሰፈር ስትገቡ ሌላ ነው። የዶንግ ታላቅ ዜማም መድረክ ላይ ይቀርባል ተብሎ ውሸት አይሆንም። ያለ መሣሪያ፣ ያለ መሪ፣ በብዙ ድምፅ ተደራርቦ ይዘመራል። ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። መድረክ ላይ የምታዩአት ልጅ ዜማውን የተማረችው ከመንደሯ ታላላቆች ሊሆን ይችላል።

«በኮንክሪት እየሠሩ አበላሹት» የሚል ወቀሳ ደግሞ ልቤን ያሳዝነኛል። የመንደሩ ሰው መታጠቢያ ቤትና የማያፈስ ጣሪያ ይፈልጋል። ወጣቱ ጓንዡ ወዳለችበት ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ለፋብሪካ ሥራ ሄዶ አያትና የልጅ ልጅ ብቻ የቀሩበት መንደር ብዙ ነው። ልጆቹን ይዞ ተመልሶ ፔንሲዮን የከፈተ ሰው ካገኛችሁ፣ የመለሰው እናንተ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው።

ትኬት የማይቆረጥበት መንደር ብቻዬን መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ከዣውሺንግ በላይ ተራራው ላይ ታንግአን አለ። በመኪና ወጥታችሁ በእርከኖቹ መሐል በእግር መውረድ ትችላላችሁ፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ራቅ ብለው ሻውሁዋንግና ሁዋንግጋንግ አሉ፣ ሁለቱም በዜማቸው የታወቁ ናቸው። ወደነዚህ የሚሄድ ሚኒባስ ጥቂት ነው። ስትደርሱ መጀመሪያ የመመለሻውን የመጨረሻ ሰዓት ጠይቁ። ወይም መኪና በኮንትራት ያዙ፣ የመጠበቂያውን ሒሳብም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ምግብ ቤት ላይኖር ይችላል። ሰው ቤት ከበላችሁ ክፈሉ፤ እምቢ ካሉ ለልጆቹ የሚሆን ነገር ግዙ። ሶፍት፣ ባትሪና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። ውሃ ከቧንቧ አትጠጡ፤ የፈላ ውሃ በፔርሙስ ሞልቶ የሌለው ቤት የለም፣ ጠይቁ ይቀዱላችኋል። የማረፊያችሁን ስምና ስልክ በቻይንኛ ያስጻፋችሁበት ወረቀት ከኪሳችሁ አይለይ። ስልክ ቢዘጋም ወረቀቱን የሚያነብ ሰው መንገድ ላይ አይጠፋም።